ያልተበሳው ቱቦ፦ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ አንድ ቁስልና ሦስት ቅባት

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ጅማ ሐምሌ ላይ ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል። ዝናቡ ጠዋት ይጀምራል፣ ቀትር ላይ ያባራ ይመስላል፣ ከዚያ እንደገና ያወርደዋል። የምሠራበት መድኃኒት ቤት በር ላይ ካርቶን አንጥፈናል። ሰው ሁሉ ጭቃውን እዚያ ጠርጎ ይገባል።

እሷ የመጣችው አመሻሽ ላይ፣ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ባሏ ክንዷን ይዟታል። ሆዷ ገፍቷል፣ ቀኝ እግሯን ትጎትታለች። ባንኮኒው ላይ ጥቁር ፌስታል አስቀመጠችና ገለበጠችው። ሦስት ቱቦ ወጣ።

«ዶክተር፣ ከነዚህ ውስጥ ልጄን የሚጎዳው የቱ ነው?»

ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። እኛ ሰፈር ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ማረም ከተውኩ ቆየሁ።

ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አነሳኋቸው። አንደኛው የቴትራሳይክሊን የቆዳ ቅባት ነው፣ 3 በመቶው። ሁላችንም ቲቲሲ የምንለው። ግማሹ አልቋል፣ አንገቱ ላይ ቢጫ ቅባት ደርቆበታል። ሁለተኛው ፉሲዲክ አሲድ የሚባለው አንቲባዮቲክ ቅባት ነው፣ 2 በመቶ። ክዳኑን ፈትቼ አየሁት። አፉን የምትሸፍነው ስስ ቆርቆሮ እንዳለች ናት፣ አልተበሳችም። ሦስተኛው ከታች ወደ ላይ ተጠቅልሎ እስከ አፉ ተጨምቋል፣ እንደሚያልቅ የጥርስ ሳሙና። ቤታሜታዞን፣ ጄንታማይሲንና ክሎትሪማዞል አንድ ላይ የያዘው ክሬም ነው። ሦስት መድኃኒት በአንድ ቱቦ፦ ስቴሮይድ፣ የባክቴሪያ መድኃኒትና የፈንገስ መድኃኒት።

«የትኛውን ነው የተጠቀምሽው?»

ባዶውን በጣቷ ነካ አደረገችው። «ይሄኛው ምንም አይልም ብለውኝ።»

ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን አሳየችኝ። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ እስከ ጉልበቷ ሥር ድረስ ቆዳዋ ቀልቶ፣ ተወጥሮ ያብለጨልጫል። መሃል ላይ የደረቀ ማር የመሰለ ቅርፊት አለ፣ ከሥሩ መግል ይታያል። የእጄን ጀርባ አስጠጋሁ። ይፋጃል። የሰውነቷ ሙቀት 38.7 ሆነ።

ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ስሟን አልጽፍም፣ የባሏንም እንዲሁ።

እንዴት እዚህ ደረሰ?

የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ 30ኛ ሳምንቷ። ሂርማታ ገበያ ልብስ ትሸጣለች። ክረምት ላይ እዚያ ያለ ቦት ጫማ መቆም አይቻልም። የሆነ ነገር ነከሳት፤ ትንኝ ይሁን ቁንጫ አታውቅም። አከከችው። የነከሳት ቦታ ደግሞ ልክ የቦቱ አፍ የሚፈትገው ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ውኃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ ቅርፊት ሠራ። አጠገቡ ሁለት ወጡ፣ ከዚያ አራት።

ለክትትል ቀጠሮዋ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ነርሷ አይታ ፉሲዲክ አሲድ ጻፈችላት። በሳሙናና በለብ ያለ ውኃ ታጥቦ፣ ቅርፊቱ ለስልሶ ሲነሳ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ7 ቀን። ትእዛዙ ትክክል ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ትክክለኛው መድኃኒት እሷው ቤት፣ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ እያለ የሆነ ነው።

ቤት ስትደርስ የባሏ ታናሽ ወንድም ካርቶኑን ከፈተ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ እንግሊዝኛ ያነባል። ወረቀቱ እንደምታውቁት ተዘርግቶ የማያልቅ፣ ፊደሉ ጉንዳን የሚያክል ነው። ስለ እርግዝና የሚለውን ክፍል ፈልጎ አገኘው። እዚያ የተጻፈው በነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገው ጥናት ውስን ነው፣ ጥቅሙ ታይቶ ይሰጥ ነው። ልጁ ተረጎመው፦ «ለእርጉዝ አይሆንም።» ከሦስት መስመር አንድ ቃል ተረፈች።

አማቷ ከአጋሮ መጥተው ምጡን እየጠበቁ ነው። «በሆድ ልጅ ቀልድ የለም» አሉ። ቱቦው ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ቁስሉ ላይ ደግሞ የቡና ዱቄት ተነሰነሰ። ጅማ ነው ያለነው፣ ቡና ሞልቷል። ሁለት ቀን እንዲሁ አለፈ። ዱቄቱ ከመግሉ ጋር ደርቆ ጥቁር ልባስ ሆነ፣ ሥሩ ግን መብሰሉን ቀጠለ።

ጎረቤት ይህን አይታ ቲቲሲዋን ይዛ መጣች። አምና ለልጇ የተገዛ ነው። አማትየው አሁንም እምቢ አሉ። አገራቸው እናቱ በእርግዝናዋ የቴትራሳይክሊን ክኒን የዋጠች፣ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ የቀረ ልጅ ያውቃሉ። ባዶ ወሬ አይደለም፣ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ያቺው ጎረቤት ሌላ አመጣች፣ ለራሷ ማድያት ፊቷን የምትቀባውን። ካርቶን የለውም፣ ወረቀት የለውም፣ ስለዚህ የሚያስፈራ ነገር አልተነበበበትም። «ፊት ላይ የሚቀባ ነገር እግርን ምን ያደርጋል?» አለች። እዚህ ላይ ሁሉም ተስማሙ። ተቀባ። በሁለተኛው ቀን ማሳከኩ ጠፋ፣ መቅላቱም በረድ አለ። አማትየው እንኳ «ይሄስ መድኃኒት ነው» አሉ።

በአምስተኛው ቀን ሌሊት ብርድ ብርድ አላት። እግሯ ጫማ አልገባ አለ። ባሏ ለወገቡ የገዛው ባለ 50 ሚሊግራም ዲክሎፌናክ ነበረውና ሁለት ዋጠች፣ ማታ አንድ፣ ጠዋት አንድ። ቅባት ፈርታ ክኒን ዋጠች ማለት ነው። ይህን የነገረችኝ እንደ ዋዛ ነው፣ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

ቲቲሲ ላይ ያለው ፍርሃት

አማትየው ያዩት ልጅ እውነት ነው። ቴትራሳይክሊን ካልሲየም ላይ ይጣበቃል። የልጅ ጥርስ ገና ሆድ ውስጥ እያለ፣ ከአራተኛው ወር ወዲህ፣ ካልሲየም እየያዘ መጠንከር ይጀምራል። እናት በዚያ ጊዜ የዋጠችው ቴትራሳይክሊን በእንግዴ ልጁ አልፎ ከዚያ ጥርስ ጋር አብሮ ይጋገራል። ጥርሱ ሲወጣ ቢጫ፣ ውሎ አድሮ ቡናማ ይሆናል። ቢቦረሽም አይለቅም። አጥንት ላይም ይቀመጣል። በዚህ የተነሳ ከእርግዝናው አራተኛ ወር ወዲህ ሐኪም ሌላ አማራጭ እያለው የቴትራሳይክሊን ክኒን አያዝም፣ ለዘመዱ ለዶክሲሳይክሊንም ይጠነቀቃል።

ግን ይህ ሁሉ ስለተዋጠው ነው። ባልየው አላመነኝም፣ ስለዚህ የካርቶን ጀርባ ላይ ሒሳቡን ሠራሁለት። አንድ የቴትራሳይክሊን ክኒን 250 ሚሊግራም ነው። ታማሚ በቀን አራት ሲወስድ 1,000 ይሞላል። ቅባቱ 3 በመቶ ነው ማለት 100 ግራሙ ውስጥ 3 ግራም አለ ማለት ነው። 15 ግራም የሚይዝ ቱቦ ሙሉውን ቢጨመቅ 450 ሚሊግራም ነው። ሁለት ክኒን እንኳ አይሞላም። አንድ ጊዜ ስትቀባ የምታወጣው ደግሞ ከጠቋሚ ጣቷ ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የምትደርስ መስመር ናት፣ ግማሽ ግራም ገደማ። እሷ ውስጥ ያለው 15 ሚሊግራም ነው። ከዚያም አብዛኛው ቆዳው፣ ፋሻውና ካልሲው ላይ ይቀራል። ደም ውስጥ የሚገባው ከቁጥር አይገባም።

«ታዲያ ቲቲሲውን ትቀባ ነበር?» አለኝ።

አይ፣ አልሰጣትም ነበር። ልጁን ፈርቼ ግን አይደለም። እንዲህ ያለ ቁስል የሚያመጡት ባክቴሪያዎች፣ በተለይ ስታፍ የሚባለው፣ ቴትራሳይክሊንን ብዙዎቹ ለምደውታል። በዚያ ላይ አምና የተከፈተ ቱቦ ነው፣ የስንት ሰው ጣት እንደነካው እግዜር ይወቀው።

ፉሲዲክ አሲድ ግን ለዚህ ቁስል የተሠራ ያህል ነው። በትንሽ ቦታ ላይ ሲቀባ ወደ ደም የሚገባው ኢምንት ነው። ከፈረንጆቹ 1960ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ መድኃኒት ነው፣ ነፍሰ ጡሮችም ሲቀቡት ኖረዋል፤ ጽንስ ላይ የታወቀ ጉዳት አልመጣም። ሙፒሮሲን የሚባለው ሌላው አንቲባዮቲክ ቅባትም እንደዚያው። እንዲያውም ከሙፒሮሲን ጥቂት ደም ውስጥ ቢገባ ሰውነት ቶሎ ሰብሮ ኃይል የሌለው ነገር ያደርገዋል። ሐኪም ካዘዘ ነፍሰ ጡር ሁለቱንም ትቀባለች።

ወረቀቱ ታዲያ ለምን ያስፈራራል? አዲስ መድኃኒት ሲሞከር ነፍሰ ጡሮች አብዛኛውን ጊዜ አይገቡበትም። ስለዚህ አምራቹ «በቂ ጥናት የለም» ብሎ ይጽፋል። ይህ «ጉዳት ታይቷል» ማለት አይደለም፣ የሚነበበው ግን እንደዚያ ነው። ድሮ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከ1979 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ለእርግዝና ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኤክስ የሚል የፊደል ደረጃ ያወጣ ነበር። ሙፒሮሲን ቢ ነበረ፣ የሚዋጠው ቴትራሳይክሊን ዲ። ሰው ፊደሉን እንደ ትምህርት ቤት ውጤት እያነበበ ስላስቸገረ በ2015 (በፈረንጆቹ) ቀርቶ በዝርዝር ጽሑፍ ተተካ። እኛ ጋ በሚደርሱ ወረቀቶች ላይ ፊደሎቹ አሁንም ይገኛሉ። እነሱን አይቶ መድኃኒት የሚመልስ ደንበኛ በወር ሁለት ሦስት አላጣም።

ያላስፈራው ክሬም

ባዶው ቱቦ ነው የቀረው። ፍትሐዊ ለመሆን፣ እሱም ቢሆን ልጁን ጎድቷል ማለት አልችልም። ቤታሜታዞን ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። በእርግዝና ከሕፃን ክብደት ማነስ ጋር ተያይዞ የታየው እንዲህ ያሉ ጠንካራ ቅባቶች በጠቅላላው እርግዝና ከ300 ግራም በላይ ሲደርሱ ነው። በ15 ግራም ቱቦ ብናስበው 20 ቱቦ ማለት ነው። እሷ የተጠቀመችው አንድ እንኳ አይሞላም። (ለማድያት ብለው ዓመት ሙሉ ፊታቸውን የሚቀቡ፣ መሃል ላይ የሚያረግዙ እህቶች አሉ። እነሱን ሒሳቡን ቁጭ ብለው እንዲሠሩት እለምናለሁ።)

የጎዳው እግሯን ነው። ስቴሮይድ ማሳከክንና መቅላትን ያጠፋል፣ ይህን የሚያደርገው ግን የሰውነትን መከላከያ አስተኝቶ ነው። ሽፍታ ላይ ሲሆን ጥሩ። ባክቴሪያ የያዘ ቁስል ላይ ሲሆን ዘበኛውን አስተኝቶ በሩን መክፈት ነው። ጄንታማይሲኑስ? አብሮ አለ፣ ነገር ግን ስትሬፕ ለሚባለው፣ እንዲህ ያለ ቁስል ለሚያመጣው ሌላው ባክቴሪያ ደካማ ነው፣ ቅርፊቱም ከነቡና ዱቄቱ ስላልታጠበ ወደ ውስጥ የሚደርስበት መንገድ አልነበረውም። ቁስሉ ላዩ ተኝቶ ሥሩ ተስፋፋ። ከቆዳው ሥር ገብቶ እንዲህ ሲነድ ሐኪሞች ሴሉላይቲስ ይሉታል። እዚህ ደረጃ ላይ ደግሞ ምንም ዓይነት ቅባት አይበቃውም።

ስለ ዲክሎፌናኩ ደግሞ ነገርኳት። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የዚህ ዓይነት ማስታገሻ የሕፃኑን ኩላሊት ሊነካ፣ የሽርት ውኃውን ሊቀንስ ይችላል። እየገፋ ሲሄድ ደግሞ የሕፃኑ ልብ አጠገብ ያለ፣ እስኪወለድ ክፍት መሆን ያለበት የደም ሥር ያለ ጊዜው እንዲጠብ ያደርጋል። ሁለት ክኒን ብዙ አይደለም። ለትኩሳት ግን ፓራሲታሞል እያለ ማን እሱን ነካ? ፊቷ ተለዋወጠ። «እሱ እኮ ክኒን ብቻ ነው» አለች። ክኒን ብቻ!

ወደ ሆስፒታል እንድትሄድ ስነግራት አማትየው በስልክ ተቃወሙ። እኔ ስልኩን ተቀበልኩ። «እማማ፣ አሁን ልጁን የሚያሰጋው ቅባት አይደለም፣ ትኩሳቱ ነው። እንዲህ ያለ ትኩሳት ሲከርም ምጥ ያለ ጊዜው ሊያመጣ ይችላል።» ዝም አሉ። ከዚያ «አድርሷት» አሉ። ባጃጅ ጠራን።

አራት ሌሊት ተኛች። ክሎክሳሲሊን በደም ሥር በየ6 ሰዓቱ ተሰጣት። የፔኒሲሊን ቤተሰብ ነው፣ በእርግዝና ለረጅም ዘመን ያለ ችግር የተሠራበት። አልትራሳውንድ ተነሳች፣ የሽርት ውኃውም የልጁ የልብ ምትም ደህና ሆነ። የማልረሳውን ነገር የነገረኝ ባሏ ነው። የተቀበላት ሐኪም በእስክሪብቶ የመቅላቱን ዳር ዳር እግሯ ላይ አሰመረ። ጉልበት ሥር ሰማያዊ መስመር። «ቀዩ ይህን ካለፈ ጥሩኝ» አለ። አማትየው ሌሊቱን አልጋው ሥር ተቀምጠው፣ በስልክ መብራት መስመሩን ሲያዩ አደሩ። በመጀመሪያው ሌሊት ቀዩ መስመሩ ላይ ቆመ። በሁለተኛው ቀን ማታ ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ወረደ። ከዚያ በኋላ እሳቸው ናቸው ለነርሶቹ የሚያስረዱት።

አሁን የራሴን ልናገር። እግሯን ካየሁ በኋላ፣ ባጃጁን ስንጠብቅ፣ የፉሲዲኩን ካርቶን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ «በቀን 3 ጊዜ፣ ለ7 ቀን» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። ከእኛው ቤት ነው የተገዛው። ማዘዣውን ይዞ የመጣው ባሏ ነበር፣ ሰልፍ ነበረ፣ ጽፌ ሰጠሁት። ሃያ ሰከንድ አልፈጀብኝም። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ብጠይቅና «ነፍሰ ጡር ናት፣ ግን አትፍሩ፣ ወረቀቱ እንዲህ እንዲህ ይላል፣ ትርጉሙ ግን ይሄ ነው» ብለው ኖሮ ያ ቱቦ ቁም ሳጥን ላይ አይወጣም ነበር። ነርሷም ብትለው፣ እኔም ብለው፣ አንዳችን ይበቃ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባንኮኒው ላይ አንድ ነገር ለውጫለሁ። የቅባት ማዘዣ ሲመጣ የምጠይቀው ለማን ነው፣ ነፍሰ ጡር ናት ወይ፣ ስንተኛ ወሯ ነው የሚለውን ነው። ወሩን የምጠይቀው ጥቂቶቹ በወር ስለሚለያዩ ነው። ለምሳሌ ለቃጠሎ የሚቀባው ነጩ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን፣ ሰልፋ ስላለበት፣ መውለጃዋ ሲቃረብ አይመከርም፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ቢጫነቱን ሊያከፋበት ይችላል። ክሎራምፌኒኮል የሚባለውን አንቲባዮቲክም በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሌላ ካለ እተወዋለሁ። ኒዮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ያለባቸው ቅባቶች ደግሞ ሰፊ፣ ቆዳው የተገፈፈ ቁስል ላይ ለብዙ ቀን እንዲቀቡ አልፈልግም፤ ከዚያ ቦታ ወደ ደም ይገባል፣ ቆዳም ያስቆጣል። ለጭረትና ለትንሽ ቁስል ግን ብዙ ጊዜ ሳሙናና ንጹሕ ውኃ ይበቃሉ፣ ምንም አልሸጥም። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ይህን ሲሰማ ደስ አይለውም።

ከሆስፒታል ስትወጣ የሚዋጥ ክሎክሳሲሊን ይዛ መጣች። ለቀሩት ትንንሽ ቅርፊቶች የሚቀባ ነገርም ታዞላታል፣ ፉሲዲክ አሲድ። ያው ቱቦ። ከፌስታሉ አወጣችውና እኔ ፊት ክዳኑን ገልብጣ በሹሉ በኩል ቆርቆሮዋን በሳቻት። ጠብ የምትለው የመጀመሪያዋ ነጭ ቅባት ጣቷ ላይ አረፈች። ሽታዋን አሸተተች። ምንም አትሸትም።

መስከረም መጨረሻ ላይ ወለደች፣ ጤና ጣቢያ፣ በወሯ። ወንድ ነው። ይህን የነገረችኝ ልጁን አዝላ ለክትባት ስትመጣ ነው፣ እየሳቀች። ልጁ እንደተወለደ አዋላጇ ጠረገችው፣ እናቱ ደረት ላይ አስተኛችው። ትንሽ ቆይታ ከትሪው ላይ ትንሽ ቱቦ አነሳች። አማትየው አልጋው ራስጌ ቆመዋል። እንግሊዝኛ አያነቡም፣ ያን ስም ግን ሐምሌ ላይ ከነፊደሉ ለይተውታል።

«ሲስተር፣ ይሄ ያ ቲቲሲ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ነው፣ እማማ። የዓይን ነው፣ 1 በመቶ። ሲወለዱ ለሁሉም ነው የምንቀባው፣ ዓይናቸው እንዳይመግል።»

«ለዚህ ለአንድ ፍሬ ልጅ?»

«ለዚህ ለአንድ ፍሬ።»

አዋላጇ የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ወደ ታች ሳብ አደረገችና የጤፍ ጭድ የምታክል ቢጫ መስመር አሳረፈች። ልጁ ፊቱን አጨማደደ።

«ሌላኛውንም?» አሉ አማትየው።

«ሌላኛውንም።»

የልጁን ራስ በሁለት እጃቸው ደግፈው ያዙላት።